የጅሬን እንጨት

ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ሰው የሚያየው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ቸልታን ብዙ ዘመን ይታገሣል። ጅማ ግን ቤተ መንግሥቷን ያቆመችው በእንጨትና በጭቃ ስለሆነ የጥገናው ሐሳብም ከእንጨቱ መነሣት አለበት።

የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሀል 8 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ፤ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀው ኖሩ። ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራም ከጅማ ጋር አምስቱ የግቤ መንግሥታት ይባሉ ነበር፤ ዛሬ ጎብኚ በስፋት የሚያውቀው ግን የጅሬኑን ቤት ነው። ፎቁን፣ የተጠረበውን የሰገነት መከታ፣ በግቢው ያለውን መስጊድ ያየ ሰው የእንጨት ሠሪው እጅ ምን ያህል የሠለጠነ እንደነበር ይረዳል።

የዚህ ሁሉ ሀብት ምንጭ ከኮረብታው በታች ያለው የሂርማታ ገበያ ነበር። ነጋዴው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይመጣል፤ ባሪያም ይሸጥበት ነበር። አስጎብኚዎች ይህን የመጨረሻውን ሲዘሉት ቅር ይለኛል። የቤቱን ውበት የሚያደንቅ እንግዳ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሊሰማ ይገባዋል።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጥላል። ጣሪያው ካፈሰሰ ውኃው ወደ ወራጁና ወደ ማገሩ ይወርዳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። የፈረሰውን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያፍነው ምሰሶው ሳይታይ ያልቃል። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ በዘመቻ መልክ የሚመጣ ትልቅ እድሳት ብቻውን አያድነውም። በየዓመቱ ጣሪያውን የሚፈትሽ፣ የተጎዳውን እንጨት በእንጨት፣ የረገፈውን ጭቃ በጭቃ የሚተካ ቋሚ ቡድን ያስፈልጋል።

ሰው ደግሞ አለ። የጅማ በርጩማና ወንበር በአገር የታወቀ ነው። መጥረቢያና መሮ ይዘው የሚያድሩት የከተማዋ እንጨት ሠሪዎች ለዚህ ቤት ከማንም ይቀርባሉ። ወጣቶች ከእነሱ ሥር ሆነው በቤቱ ላይ ሙያውን ይማሩ፤ ደመወዙም ከጎብኚ ከሚገኘው ገቢ ይመደብላቸው።

ለመጎብኘትም ለመጠገንም የሚመቸው ወቅት በጋው ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት የመጣ እንግዳ ጅሬንን አይቶ፣ በከተማው ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ተመልክቶ ወደ አጋሮ ይቀጥል። የጎማ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘባት ናት የሚሏትን ጮጬን ሳያይ አይመለስ፤ ከፋም የራሱን ታሪክ ይናገራል፣ ሁለቱንም መስማት ነው። ለቀማው ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሳይመለስ በጥርና በየካቲት፣ ሠሪዎቹ ጣሪያው ላይ ይውጡ።