ወርቅ የተቀባ ገመድ ምስል አያጠራም

«ጋሼ፣ በተራ ገመድ የሚያዩት ከሆነ ይህን ቴሌቪዥን ባይገዙት ይሻልዎታል።»

ይህን የሰማሁት ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቦሌ አካባቢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው። የተባሉት ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ጡረተኛ። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው በላከችላቸው ገንዘብ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ሊገዙ «አንተ ይገባሃል» ብለው አስከትለውኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን መርጠናል፣ ዋጋውንም ተስማምተናል። ሻጩ ያኔ ከመስታወቱ ሥር ጥቁር ሣጥን አወጣ። ሣጥኑ ውስጥ ጨርቅ የለበሰ የሁለት ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ጫፎቹ በወርቅ የተቀቡ፣ ዋጋው 4,800 ብር። እዚያው መደርደሪያ ላይ በላስቲክ የታሸገው ገመድ 450 ብር ነበር።

«ማስረጃውን ላሳይዎት» ብሎ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ቴሌቪዥኖች አበራ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የኳስ ጨዋታ ነው የሚታየው። የቀኙ ላይ የተጫዋቹ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የግራው ላይ ሣሩም ማሊያውም ተደባልቋል። «ግራው በተራ ገመድ፣ ቀኙ በዚህ ኦርጅናል» አለ። «ልጄ ለፍታ የላከችውን በገመድ ላበላሸው እንዴ?» አሉኝ ጎረቤቴ፣ አፌን ሳልከፍት ገንዘቡን እየቆጠሩ።

እሳቸው ከፍለው ዕቃው ሲጫን ከግራው ቴሌቪዥን ጀርባ ገብቼ አየሁ። የተሰካው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የድሮው ኤቪ ገመድ ነው። በዚያ ገመድ የሚያልፈው ምስል ቢበዛ 576 መስመር አለው፤ በኤችዲኤምአይ የሚመጣው ግን 1,080። ያነጻጸረልን ርካሽ ኤችዲኤምአይ ከውድ ኤችዲኤምአይ ጋር አልነበረም። የ450 ብሩ ገመድ በዚያ ማሳያ ላይ ጭራሽ አልተሰካም። ይህንን ስጠይቀው «እኔ ያልኩት ተራ ገመድ ነው፣ ይኸው ተራ ገመድ» አለኝ። ይሄ ማታለል ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

ግን አንድ ሻጭ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። «ኦርጅናል ገመድ ምስል ያጠራል» የሚለውን ዲሽ የሚሰቅለው ባለሙያ ይለዋል፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ይለዋል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ገመድ እንዲከት አደራ የሚሉ ሰዎች ይሉታል። ሁሉም እንደታወቀ ነገር ስለሚደግመው «እንዴት ነው የሚያጠራው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው። እንዴት?

ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚልከው ቁጥር ነው። በ1080 ጥራት አንዱ ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑ በቁጥር ተጽፎ ይላካል። ይህ በሰከንድ እስከ 60 ጊዜ ይደጋገማል። የአንዱ ነጥብ ቀይ 200 ከሆነ ገመዱ 200ን ማድረስ ነው ሥራው። ካደረሰ ጨረሰ። ከ450 ብሩ ገመድ የደረሰ 200 እና ከ4,800 ብሩ የደረሰ 200 አንድ ቁጥር ነው፤ ቴሌቪዥኑም በየትኛው እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ሻጩ «ቀለሙ ይደምቃል» ሲል ገመዱ ምን እንዲሠራ እንደሚጠብቅ አስቡት። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከሆኑት ነጥቦች የእያንዳንዱን ቀይ ለይቶ፣ 200 የነበረውን 210 አድርጎ፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ሳይነካ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ አንድም ሳይሳሳት መጻፍ አለበት። ይህን የሚሠራ ነገር ኮምፒውተር እንጂ ገመድ አይባልም። እዚያ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ያለው ደግሞ መዳብና ፕላስቲክ ነው።

ገመድ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው። ምስሉ ላይ የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ይረጫሉ፣ ወይም ስክሪኑ ለሰከንድ ጨልሞ ይመለሳል፣ ወይም ከነጭራሹ ሲግናል የለም ይላል። ሰውየው ፊቱ ደብዘዝ ብሎ፣ ሣሩ ገርጥቶ፣ ጥላው ጥልቀት አጥቶ የሚታይበት የገመድ ብልሽት በኤችዲኤምአይ የለም። ነጥብ ሳይረጭ፣ ሳይጨልም የሚያሳይ ገመድ ካላችሁ የምትችሉትን ምስል ሁሉ እያያችሁ ነው። ምስሉ ከደበዘዘባችሁ ችግሩን ከጣቢያው ሥርጭት ወይም ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ፈልጉት።

ስለ ወርቁም ልናገር፤ የሚያሳዝነኝ እሱ ነውና። ወርቅ በአገራችን የቃል ኪዳንና የጥሪት ዕቃ ስለሆነ «ወርቅ አለው» ሲባል ሰው ልቡ ይሸነፋል። ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ግን ወርቅ ከመዳብ ያነሰ ነው። መጀመሪያ ብር፣ ቀጥሎ መዳብ፣ ከዚያ በኋላ ወርቅ ይመጣል። ጫፍ ላይ የሚቀባው ስለማይዝግ ብቻ ነው፤ በዓመት አንዴ እንኳን ለማይነቀል ገመድ ይህ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ደግሞም የሚቀባው ወርቅ እጅግ ስስ ስለሆነ በርካሾቹም ገመዶች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

«ለ4ኬ ግን ያስፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። የሚያስፈልገው ዓይነቱ እንጂ ውድነቱ አይደለም። በሰከንድ 60 ምስል ለሚያሳይ 4ኬ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ይበቃል፤ ማሸጊያው ላይ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ ይላል። ከዚያ በላይ ለሚሄዱት ጌሞች 48 ጊጋቢት የሚያሳልፈው አልትራ ሃይ ስፒድ አለ። ጎረቤቴ የሚያዩት ከዲሽ የሚመጣ ሥርጭት ነው፤ ቢበዛ 1080። ለዚያ የሚያስፈልገው 4.5 ጊጋቢት ገደማ ሲሆን ተራው ሃይ ስፒድ ገመድ 10.2 ያሳልፋል። ከሚችለው ግማሹን እንኳን አልጠየቁትም። ገመድ ራስ ምታት የሚሆነው ሲረዝም ነው፤ አዳራሽ አቋርጦ ፕሮጀክተር ላይ ለሚደርስ 15 ሜትር ገንዘብ ብታወጡ አልከራከርም። ከሪሲቨር እስከ ቴሌቪዥን ባለው ሁለት ሜትር ላይ ግን እከራከራለሁ።

የድምፅ ገመድ ሻጮች ደግሞ «የኛው ዲጂታል አይደለም» ብለው ማምለጥ ይወዳሉ። ስፒከር ውስጥ የሚገባው በእርግጥ ዲጂታል አይደለም። እዚያ የሚቆጠረው የገመዱ ውፍረትና ርዝመት ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አምስት ሜትር ተዘርግቶ ሲመለስ 0.12 ኦም ገደማ ነው የሚያግደው። ስፒከሩ ራሱ 8 ኦም ነው። የሚጠፋው ድምፅ ከ0.2 ዴሲቤል በታች ነው፤ ያንን ጆሮ አይለየውም። ባለ 2.5 ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ከሱቅ ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሚለውን ነው። ሰርግ ቤት የድምፅ መሣሪያ የሚዘረጉ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ገንዘባቸውን የሚያወጡት በደንብ በተበየደ ጫፍና ሲረገጥ በማይበጠስ ገመድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፒር የተባለ ኩባንያ አንጁ የሚል ስም የሰጠውን የስፒከር ገመድ ጥንዱን በ7,250 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጄምስ ራንዲ፣ ያ የአስማተኞችን ማጭበርበር ሲያጋልጥ የኖረው ሰው፣ ይህን ገመድ ከተራ ገመድ ሳያይ በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው የድርጅቱን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ። ኩባንያው ከነገሩ ወጣ፣ ፈተናውም ሳይካሄድ ቀረ። በ7,250 ዶላር የሚሰማ ልዩነት ቢኖር ኖሮ በዚያች ሰዓት ገንዘቡን የሚተው ነጋዴ አለ ብዬ አላምንም።

እኔን የሚያናድደኝ የሀብታም ገንዘብ አይደለም። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያለው ሰው ገመዱን በአልማዝ ቢያስለብጠው ጉዳዬ አይደለም። የጎረቤቴ 4,800 ብር ግን የልጃቸው ላብ ነው። በዚያ ገንዘብ ስቴብላይዘር ቢገዙበት ኖሮ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናቸው እንዳይቃጠል ይጠብቅላቸው ነበር። ያንን ሻጩ አላነሳላቸውም። ዛሬ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፣ የወርቁ ገመድ ከኋላው ተንጠልጥሏል፣ እሳቸውም መብራቱ በጠፋ ቁጥር ሮጠው ሶኬት ይነቅላሉ።

ስለዚህ ለዚያ ሻጭ ጥያቄ አለኝ፤ ሱቁን ያውቀዋል፣ እኔንም ያስታውሰኛል። ሁለት አንድ ዓይነት ሪሲቨር፣ ሁለት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን፣ አንዱ ላይ የ450 ብሩን ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ላይ የ4,800ውን። ጀርባቸው በጨርቅ ይሸፈን፣ ገመዶቹን እኔ አሥር ጊዜ ላፈራርቅ፣ እሱ ከፊት ቆሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይንገረኝ። በግምት ብቻ አሥሩንም የማግኘት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። አሥሩንም ካገኘ 4,800 ብር ከኪሴ እከፍለዋለሁ። ካላገኘ የጎረቤቴን ገንዘብ ይመልስ።