ልጥ እባብ ሲመስል

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ይህች አጭር ተረት ሐኪሞች በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ነገር በአራት ቃል ትጨርሰዋለች። አንድ ጊዜ በእባብ የደነገጠ ሰው በመንገድ ላይ የተጣለ ልጥ ባየ ቍጥር ይዘላል። ልጡ እንደማይነድፍ ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን እግሩን ሊያቆምለት አይችልም። እንግዲህ በዛሬው ዐምዳችን፥ ውድ አንባብያን፥ ልጥን እባብ ስለሚያስመስለው ስለዚህ ፍርሃትና ስለ መድኃኒቱ እንነጋገራለን።

በቅርብ ከማውቀው ልጀምር። በይጁቤ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ወላጆቹ የሚኖሩት ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው በቆላው በኩል ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከጓደኛው ጋር በከተማው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤቱ ይወርዳል፤ እሑድ ደግሞ የሳምንት ስንቁን፥ እንጀራውን፥ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። ትጉህ ልጅ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቅምት ወር ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ከክፍል መቅረት አመጣ። ስጠይቀው አንድ ቀን «ራሴን አሞኝ ነው፥ መምህር» ይለኛል፤ ሌላ ቀን «እናቴ ታማብኝ ነው» ይለኛል። በኋላም ጭራሽ ወደ ቤቱ መውረዱን ተወና በጓደኛው ስንቅ ይኖር ጀመር። በመጨረሻ ትምህርቱን ሊያቋርጥ መቍረጡን የነገረኝ ይኸው ጓደኛው ነው። ምክንያቱን ብመረምር ድህነትም፥ ሕመምም አልነበረም። ውሻ ነበር።

ልጁን በሰባት ዓመቱ የጎረቤት ውሻ ጥሎት ነበር። ቍስሉ ከዳነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት አደገ። በመንገዱ ላይ ውሻ ያለበት አንድ ግቢ ስላለ፥ መጀመሪያ በገደሉ ሥር ዞሮ ያልፍ ነበር፤ ቀጥሎ ዙሪያ ጥምጥሙ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ረዘመ፤ ከዚያም መንገዱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሌሊት ከሩቅ የውሻ ጩኸት ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልቡ እንደ ከበሮ ይመታል። «ለምን ለሰው አልተናገርህም?» ብለው፥ «በእኛ አገር ወንድ ልጅ ውሻ ፈራሁ ብሎ ይናገራል ወይ?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው። ፉከራና ቀረርቶ በሚሰማበት አገር «ፈሪ» ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ፈሪ ነውን? ሌሊት ማሳ የሚጠብቅ፥ በክረምት ከብቶቹን ከወንዝ ማዶ የሚመልስ ልጅ ፈሪ ሊባል አይገባውም። ደግሞም ፍርሃት ሁሉ በሽታ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር የማይታወቅን ውሻ መጠንቀቅ ብልኅነት ነው። ሐኪሞች «ፎቢያ» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ቃሉ ፍርሃት የሚል ትርጓሜ ካለው «ፎቦስ» ከሚባለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አንድ ፍርሃት ፎቢያ የሚባለው፥ አንደኛ በአንድ በታወቀ ነገር ላይ ሲያርፍ፤ ሁለተኛ ከእውነተኛው አደጋ ልክ ሲያልፍ፤ ሦስተኛ ያ ነገር በመጣ ቍጥር ሳይቀር ሲመጣ፤ አራተኛ ሰውየውን ሲያሸሸው ወይም በብርቱ ጭንቀት ሲያስችለው፤ አምስተኛ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ትምህርቱን፥ ሥራውን ወይም ኑሮውን ሲያሰናክልበት ነው።

ዐይነቱም ብዙ ነው። አንዱ እንስሳን፥ ሌላው ከፍታን ወይም የክረምት ነጐድጓድን፥ ሌላው ደምንና መርፌን፥ ሌላው ሊፍትን፥ አውሮፕላንን ወይም የተዘጋ ክፍልን ይፈራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዛችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ከጎሐ ጽዮን አልፎ መኪናው የዓባይን በረሓ ቍልቍል ሲይዘው፥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነጠላውን በፊቱ ጥሎ ደጀን እስኪደርስ የማይገልጥ ተሳፋሪ አይታጣም። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሂፖክራተስ ስም በተጻፉት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ በገደል አጠገብም ሆነ በድልድይ ላይ ማለፍ ስለ ተሳነው ሰው ተጽፏል። ሌላው ደግሞ በግብዣ ቤት ሌሊት ዋሽንት ሲነፋ ሲሰማ በፍርሃት ይያዝ ነበር፤ ቀን ሲሰማው ግን ምንም አይሆንም።

እንግዲህ ይህ ነገር ያለባችሁ አንባብያን ብቻችሁን እንደ ሆናችሁ አታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ፥ ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በ22 አገሮች በተደረገ ጥናት፥ ከመቶ ሰው 7 ያህሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዞት እንደሚያውቅ ተገኝቷል። በሴቶች ላይ የታየው በወንዶች ላይ ከታየው እጥፍ ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነት ነው።

ከየት ይመጣል? አንዳንዱ እንደ ተማሪዬ ከደረሰበት አደጋ ያገኘዋል። አንዳንዱ ደግሞ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ሲፈራ አይቶ ይማረዋል። ሌላው ከሚነገረው ነገር ይወርሰዋል፤ ልጅ ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣልህ!» እያልን የምናስተኛ ሁሉ ይህን እናስብበት። መነሻውን ፈጽሞ የማያስታውስም ብዙ ነው።

ከመነሻው ይልቅ ግን ልናውቀው የሚገባን ፍርሃቱን የሚያኖረው ምን እንደ ሆነ ነው። በአንጎላችን ውስጥ በለውዝ ፍሬ አምሳል የተሠራ አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ። አደጋ የመሰለውን ነገር ሲያይ፥ ማሰቢያችን ነገሩን እስኪመረምር ሳይጠብቅ፥ ልብን ያስመታል፤ ትንፋሽን ያፋጥናል፤ እግርን ለሽሽት ያዘጋጃል። ሰውየው ሲሸሽ ወዲያው ዕረፍት ይሰማዋል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። አካሉ «የዳንሁት ስለ ሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ ውሻው የታሰረ መሆኑን ወይም ጭራውን ይቈላ እንደ ነበረ ለማየት ጊዜ አያገኝም። ሽሽት ለፍርሃት የሚከፈል ደመወዝ ነው። ደመወዙ በየጊዜው የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ሥራውን አይለቅም።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይወጣል፤ ደመወዙን ማቋረጥ ነው። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ በስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ከፍታ ያዞረው ነበር። እርሱም ብቻውን ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጫፍ እየወጣ፥ ፍርሃቱ እስኪበርድለት ድረስ እዚያው እየቆየ፥ ይህንኑ እየደጋገመ ራሱን እንዳዳነ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ጥንቸል የሚፈራውን ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳየችው። ከዚያም ከቀን ወደ ቀን እያቀረበችለት በመጨረሻ በእጁ እስኪዳስሳት አደረሰችው። የደቡብ አፍሪካው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መንገድ ሥርዐት ሰጠው፤ ሰውነትን ዘና ማድረግ አስተምሮ፥ ፍርሃቶቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ እንደ መሰላል መደርደር። እ.ኤ.አ. በ1989 የስዊድኑ ላርስ ጎራን ኦስት እንስሳ ለሚፈሩ ሰዎች በአንድ ቀጠሮ ከሦስት ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ብዙዎቹን መርዳት እንደሚቻል አሳየ።

እኔም በደብረ ማርቆስ ያገኘሁትን አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ምክር ጠይቄ ከተማሪዬ ጋር መሰላሉን ሠራን። የመጀመሪያው ደረጃ በመጽሐፍ ላይ ያለ የውሻ ሥዕል ማየት ነበር። ሁለተኛው የታሰረ ውሻ ከሜዳው ማዶ ቆሞ ማየት፤ ሦስተኛው ወደ ዐሥር እርምጃ መቅረብ፤ አራተኛው ቡችላ መዳሰስ፤ አምስተኛው ባለቤቱ የያዘውን ትልቅ ውሻ መዳሰስ፤ የመጨረሻው በዚያ ግቢ በኩል ማለፍ ነበር። ውሻው የታወቀና የተከተበ እንዲሆን ተጠነቀቅን። ሕጋችንም ሦስት ነበር። ልጁ ሳይስማማ አንድ ደረጃ አይወጣም። የወጣው ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ጋብ እስኪል ይቆያል እንጂ በጭንቁ መካከል አይሸሽም። የለመደውንም በሌላ ቀን፥ በሌላ ቦታ፥ በሌላ ውሻ ይደግመዋል። የዛሬ ሊቃውንት እንደሚሉት አሮጌው ፍርሃት ከአንጎል አይፋቅም፤ አዲስ ትምህርት በላዩ ይጻፍበታል እንጂ። ስለዚህ ድግግሞሽ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመን ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ልጆች በቀልድ ብለው ቡችላ በድንገት ቢያቅፉት ወደ ኋላ ተመልሰን ከሥዕሉ ጀመርን። «ካልተጣለበት አይለምደውም» የሚሉ ሰዎች ይህን ያስተውሉ። በግድ መጣል ሕክምና አይደለም።

አንድ የተለየ ፍርሃት ግን አለ። ደም ወይም መርፌ የሚፈራ ሰው መጀመሪያ ልቡ ይመታል፤ ወዲያው ግን የደሙ ግፊት ይወርድና ይዝለፈለፋል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ክንዴን ለመርፌ ገልጬ ሳለ ወለል ላይ የተገኘሁ ሰው ስለ ሆንሁ በዚህ ላይ አላፌዝም። ለዚህኛው መዝናናት አይስማማውም። የክንድን፥ የእግርንና የደረትን ጡንቻ ፊት እስኪሞቅ ድረስ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ማጥበቅ፤ ቀጥሎ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማላላት፤ ይህንኑ አምስት ጊዜ ያህል መድገም ነው። ይህን በቤት ተለማምዶ ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ ይመለሳል።

ስለ ክኒን የሚጠይቁኝ አሉ። ሐኪም ለአንድ ችግር የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ሥር ያለውን ፍርሃት የሚነቅለው ግን ልምምዱ ነው። አረቄ ቀምሶ ፍርሃትን መጋፈጥ ደግሞ ከአንድ ጌታ ወደ ሁለት ጌታ መግባት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ጠበሉ ከዚህ ልምምድ አያግደውም፤ ልምምዱም ከጠበሉ አያግደውም። ፍርሃቱ የጸናበት ሰው፥ ወይም ከእርሱ ጋር የልብ በሽታ፥ የሚጥል በሽታ ወይም ብርቱ ሐዘን ያለበት፥ ብቻውን አይጀምር። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክፍለ ሀገሩም በትልልቆቹ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። እዚያ የሚሄደው እብድ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ስንቱን ሰው በቤቱ አስቀርቷል! ከሰባተኛ ፎቅ ቢሮው በሊፍት መውጣት ስለ ፈራ በየጧቱ ደረጃ ሲቈጥር ላብ በላብ ሆኖ የሚደርስ ጸሓፊ፥ የአውሮፕላን ጉዞ ያለበትን ዕድገት የሚመልስ ሠራተኛ፥ እርሱ ሕክምና ቢጠይቅ ምን ነውር አለበት?

ተማሪዬ ዛሬ ውሻ አይወድም፤ ይወዳል ብዬም አልዋሻችሁም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ማታ ስንቁን በትከሻው፥ በትሩን በእጁ ይዞ በዚያ ግቢ በር አልፎ መጣ። ውሻው ጮኸ፤ ልጁም ቆመ፤ ልቡ እስኪበርድ ጠበቀና መንገዱን ቀጠለ። ሰኞ ጧት ስም ስጠራ «አለሁ፥ መምህር!» አለ።

እናንተም፥ አንባብያን፥ የምትዞሩበት መንገድ ካለ ዛሬ ማታ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም የመጀመሪያውን ትንሽ ደረጃ ጻፉ። ጓደኛችሁ ይህን ምሥጢር የነገራችሁ እንደ ሆነ ደግሞ አትሳቁበት። ለእርሱ ልጡ እውነተኛ እባብ ነው፤ ቀርቦ እስኪያየው ድረስ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።