ድዳችሁ ቢደማም መቦረሽ አትተዉ

እህቶቼ፣ ደማምም ሆንን ኮበር፣ ጥርስ ሲያመን ብድግ ብለን ሐኪም ቤት አንሄድም፤ ማዳምን ማስፈቀድ አለ። መከላከሉ ግን በእጃችን ነው። እኔ ድዴ ሲደማ መቦረሽ ትቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ድድ የሚያደማው ብሩሹ ሳይሆን ጥርስ ሥር የሚለጠፈው ፕላክ የሚባል የጀርም ሽፋን ነው። ስኳር ሲያገኝ አሲድ ሠርቶ ጥርስ ይቦረቡራል። ሳይነሳ ከከረመ ይደነድናል፤ ያኔ ብሩሽ አይነቅለውም፣ ሐኪም ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ 2 ደቂቃ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ የድዱን ጥግ ቀስ እያላችሁ ቦርሹ። በሥራ መሃል መስዋክም ይረዳል፤ ያው የአገራችን መፋቂያ ዘመድ ነው። የሻዩን ስኳር ቀንሱ። በ2 ሳምንት መድማቱ ካልቆመ ግን ዝም አትበሉ፤ ሐኪም ይየው።