ሐዲዱ መጥቶ ባቡሩ ቀረ

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መንገድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሠሪው የቱርኩ ያፒ መርከዚ፣ ከአበዳሪዎቹም አንዱ የስዊዘርላንዱ ክሬዲት ስዊስ ነበር። ዓለም አንድ ገበያ ሆነች በሚባልበት በዚያ ወራት፣ የሀብሩ ገበሬ ምርት ከመርሳ ተጭኖ በጅቡቲ ባሕር ይሻገራል ብሎ ያልተመኘ አልነበረም።

ዘመኑ ግን ተገለበጠ። የውጭ ምንዛሪ አጠረ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልዲያ ገባ፤ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ ኢትዮጵያን አስወጣች፤ በ2015 ዓ.ም. ክሬዲት ስዊስ ራሱ በዩቢኤስ ባንክ ተዋጠ። የአበዳሪ ስም ቢጠፋ ግን ዕዳ አብሮ አይጠፋም። ሐራ ገበያም እስከ ዛሬ ባቡሯን ትጠብቃለች።

ይህን ስንል በራችንን ዘግተን እንኑር ማለታችን አይደለም። ውል ሲፈረም ማጨብጨብ ብቻ ሳይሆን፣ «ባዕዱ ቢሄድ ማን ይጨርሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል ማለታችን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅምና። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ የብድሩ ውል በይፋ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲያችን እንዲጠና በአንድ ድምፅ እንጠይቅ፤ ሐዲዱን ጨርሶ ባቡሩን የሚነዳ ባለሙያም ከመካከላችን ይውጣ!