መስኮቱ ላይ የሚወስን ሰው ይኑር

የምሠራው ሆስፒታል አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ከመሸ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ነገ የማይቆይ ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለቀበት አባት፣ ኢንሱሊን ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር ያመሸች እናት። ኔትወርክ የሚጨናነቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው። ከፋዩ ስልኩን ዘርግቶ ያሳያል፤ ብሩ ከሒሳቡ ተቆርጧል። ለእኛ ግን የገባ መልእክት የለም። እሱ «ከፍያለሁ እኮ እህቴ፣ ይኸው» ይላል፤ ገንዘብ ያዧ «አልገባልኝም» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚያ ቆሜ ሳየው የሚያበሳጨኝ፣ ለሕክምናው ከሚያስፈልገው ነገር አንድም የጎደለ አለመኖሩ ነው። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነው፤ የሐኪሙ ማዘዣ በእጄ ነው፤ ታማሚው ከፊቴ ቆሟል። የጠፋው «ስጪው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ነው። ገንዘብ ያዧ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ የጎደለው ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ታውቃለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልሰጥም እላለሁ። ስለዚህ «ሲስተም የለም» ብላ የመለሰችን ሠራተኛ ሰው ሲሰድባት ስሰማ ያመኛል። ቁጣው መድረስ ያለበት እሷን ያለ ምንም ሥልጣን መስኮት ላይ ያስቀመጠው አለቃ ዘንድ ነው።

እኛ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረን አንድ ደብተር ከፈትን። የከፋዩ ስም፣ ስልክ፣ የክፍያው መለያ ቁጥርና ሰዓት ይጻፋል፤ ተረኛው ፋርማሲስት ይፈርማል። እንክብል ከሆነ እስከ ማግስቱ የሚያደርሰውን ቆጥረን እንሰጣለን። የኢንሱሊን ጠርሙስ አይከፋፈልም፣ ሙሉውን እንሰጣለን። ገንዘቡ ሳይገባ ቢቀር የቤቱ ወጪ ነው እንጂ የገንዘብ ያዧ ዕዳ አይሆንም። አብዛኛው በማግስቱ ይገባል፤ አንዳንዱ ይቀራል። ባለቤቱ በዚህ ተከራክሮን አያውቅም፤ ስለዚህም አከብረዋለሁ።

ታማሚዎቼ ለብልሽት ከመሥሪያ ቤቶቻችን ይልቅ የተዘጋጁ ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ግን እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ስለጠፋ ብቻ የሚጣል ነገር አይደለም። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሙቀት በበዛበት አገር ላሉ ዘመዶቻቸው ሸክላ ማሰሮ በውኃ አርሰው እንዲያስቀምጡበት ይመክራሉ። እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል።

ለክትባት ማቆያ በየጤና ጣቢያው የተተከለውን ፍሪጅ ያስተዋለ ሰውም ይህንኑ ያያል። ግድግዳው ውስጥ የበረዶ ሽፋን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው መስፈርት 43 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያለ መብራት ቢያንስ 20 ሰዓት ቅዝቃዜውን እንዲይዝ ነው። የሠሩት መሐንዲሶች መብራት እንደሚጠፋ ከመጀመሪያው አምነው ተነሥተዋል።

የግብር ሕጋችንም አስቦበታል። በ1999 ዓ.ም የወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን እንድንጠቀም አስገደደን። ማሽኑ ሲበላሽ ግን ሱቅ ዝጉ አልተባልንም፤ ብልሽቱን ለአገልግሎት ማዕከሉና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አሳውቀን፣ እስኪጠገን በተፈቀደ የእጅ ደረሰኝ እንሸጣለን። ግብር እንዳይቋረጥ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ሕክምና እንዳይቋረጥ ለምን አልታሰበም?

ዲጂታል ክፍያን አልቃወምም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሩቅ የመጣ ታማሚ ገንዘብ ቋጥሮ መጓዙ ቀርቶለታል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ በተራ ስልክ *127# ደውሎ መክፈል የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ክፍያው «በዲጂታል ብቻ» ሲባል ግን «ካልሠራስ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ ነበረበት። በአዲስ አበባ ነዳጅ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሸጥ ሲወሰን፣ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት ታማሚ የጫነ አምቡላንስ ማደያው ቢደርስ ቀጂው ምን እንዲያደርግ ተነግሮታል? መልሱ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ መኖር አለበት። በሆስፒታል ካርድ ክፍልም፣ በላቦራቶሪ መክፈያም እንዲሁ።

ጥሬ ገንዘብ የያዘን ታማሚ «በስልክ ካልከፈልክ» ብሎ መመለስ በሕክምና ቦታ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ተቆርጦ ያልደረሰ ገንዘብ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስ ባንኩ በግልጽ ይለጥፍ፤ ዛሬ ከፋዩ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዞረ ማመልከቻ የሚጽፈው የራሱን ገንዘብ ለማስመለስ ነው። ከሁሉም በላይ ግን መስኮቱ ላይ ለተቀመጠችው ሠራተኛ ሥልጣን ይሰጣት፦ በካርቦን የሚጻፍ የእጅ ደረሰኝ፣ ማንንም ሳትጠይቅ በፊርማዋ ልታሳልፈው የምትችለው የብር መጠን፣ ከዚያ ሲበልጥ ደግሞ በሌሊትም የሚነሣ የአንድ ኃላፊ ስልክ ቁጥር።