የተረሱ የጨዋታ ሜዳዎችና ያ የሚጮኸው መሣሪያ

ባለፈው ክረምት ከወልድያ ወደ መርሳ ስንጓዝ፥ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል አንድ ትልቅ ዋርካ አሳየኝና፥ «ከዚህ ሥር ጣሊያን ወርቅ ቀብሯል ይባላል፤ ጓደኞቼ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለማስመጣት ገንዘብ እያዋጡ ነው» አለኝ። እኔም «ከዋርካው ሥር ድሮ ምን ይደረግ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ፤ አያቴ ግን በበዓል ቀን ሰው ይሰበሰብበት ነበር ይላሉ» ሲል መለሰልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ከአሳቤ አልወጣም። ለወርቁ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ሞልቶ ሳለ፥ ሰዉ ምን ሊጫወት ይሰበሰብ እንደ ነበር አያቱን ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ አልተገኘም።

ስለ ወርቁ አጭር ቃል ልናገርና ልለፈው። በ1933 ዓ. ም. ደሴ በሚያዝያ፥ አምባላጌም በግንቦት ከጣሊያን እጅ ሲወጡ፥ በዚህ መንገድ ያለፈው ወታደር ደመወዙን ይቀበል የነበረው በወረቀት ሊሬ ነው። ወረቀት የሚቀበል ሠራዊት በየዋርካው ሥር ወርቅ የሚቀብርበት ምክንያት አይታየኝም።

በእንግሊዝ አገር ይህን መሣሪያ ይዞ መዞር የዕረፍት ቀን መዝናኛ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ብልሆቹ ፈላጊዎች ግን መሣሪያውን ከመሸከማቸው በፊት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የድሮ ካርታና የድሮ ጋዜጣ ያገላብጣሉ። የሚፈልጉትም ሕዝብ የተጫወተበትን ስፍራ ነው፤ ዓመታዊ ገበያ የቆመበትን መስክ፥ ጐረምሳ የዋኘበትን የወንዝ ዳር፥ ቤተ ሰብ ምሳውን ይዞ የወጣበትን ጥላ። ሰው ሲጫወት ኪሱን ይዘነጋልና ሳንቲሙ ከዚያ ይወድቃል። እኔ ከዚህ ሥራ የምወደው የመጀመሪያውን ግማሽ፥ ማለት በቤተ መጻሕፍት የሚደረገውን ነው። ሁለተኛው ግማሽ ለእኛ አገር አይስማማም።

የማይስማማበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የወልድያና የሀብሩ ሰው ወደ ጨዋታ ሲወጣ የሚዘነጋው ኪስ አልነበረውም። ብሩን የሚቋጥረው በኩታው ጫፍ ወይም በመቀነቱ ነበር። 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እርሱን የጣለ ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ ሣሩን ሲዳብስ ይውላል እንጂ ለእኛ ትቶት አይሄድም። ለዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበረ። ዝናብ የሚያሟሟውን ገንዘብ የትኛው መሣሪያ ያገኘዋል?

ጨዋታውንም እንይ። የገናው ዱላ እንጨት ነው፤ ሩሩም እንጨት ወይም ጠፍር ነው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተፋልመው፥ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ሹሙና እረኛው የተጋፉበት ሜዳ አንዲት ሚስማር እንኳ አላተረፈ ይሆናል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል፥ የላስታዎቹ አሸንድዬ ብለው ሲወጡ የያዙት ለምለም ቅጠል፥ ከበሮና ድምፅ ነው። ከጉግስ ሜዳ ምናልባት አንድ የተሰበረ ልጓም ወይም እርካብ ይገኝ ይሆናል። መሣሪያው እንግዲህ ለእኛ ጨዋታ ደንቆሮ ነው፤ የሚሰማው ቆርኪና ጥይት ነው።

ጥይት ያልሁት ለቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1881 ዓ. ም. ግራሃም ቤል የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በተመቱ ጊዜ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥይቱን በሰውነታቸው ውስጥ ሊፈልግ ሞክሮ ነበር፤ የአልጋው ሽቦ አሳስቶት ሳይሳካለት ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ፖላንዳዊው መኰንን ኮሳትስኪ የሠራው መሣሪያ በኤል አላሜይን ፈንጂ ፈልጎበታል። ወልድያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ጦርነት ያረፈባት ከተማ ናት። በዚህ አገር መሬት ውስጥ የሚጮኸው ነገር ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ይችላል። ያልሠለጠነ ሰው ድምፅ ሰምቶ መቈፈሪያ ቢያነሣ፥ የሚከተሉትም ሕፃናት ናቸውና፥ ጥፋቱ በእርሱ ብቻ አያበቃም።

ሕጉም አለ። በዐዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና ማጥናት የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለባለሥልጣኑ ወዲያው ማስታወቅና ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ወጣት ሹማምንት ይህን ዐዋጅ ማንበብ የሥራቸው ክፍል ይመስለኛል።

ታዲያ ሜዳዎቹን እንተዋቸው ማለቴ ነውን? በፍጹም! አዲስ አበባ ጃን ሜዳ አላት፤ ፈረስ ተጋልቦበታል፥ ጥምቀት ተከብሮበታል፤ በ2012 ዓ. ም. በወረርሽኙ ምክንያት ለጊዜው የአትክልት ገበያ በሆነ ጊዜ እንኳ የጃን ሜዳነቱን ታሪክ የዘነጋ አልነበረም። ወልድያም በ2009 ዓ. ም. 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆላታል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ከስታዲየሙ በፊት የነበሩት የየጁ ሰዎች ወዴት ወጥተው ይጫወቱ እንደ ነበር ተማሪውን ብትጠይቁት አፉን ይይዛል።

መረጃው የለም አይባልም። ጣሊያኖች በ1938 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ያሳተሙት የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፍ በየመንገዱ ዳር ያሉትን ከተሞች በተራ ይዘረዝራል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡት ከ8 ሺህ በላይ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ናቸው፤ በካርታ ሥራ ድርጅት ግምጃ ቤት ለብዙ ዘመን ተረስተው ከኖሩ በኋላ ተመራማሪዎች አግኝተዋቸዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ከላይ በቀጥታ፥ ሦስት ደግሞ በአግድም የተነሡ ሥዕሎች ተለጥፈዋል። የሀብሩ ወይም የወልድያ ሰሌዳ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባው የዚያው አገር ልጅ ነው።

ሥዕሉ ግን ባዶ መስክ ያሳያል እንጂ ማን ማንን እንዳሸነፈ አይናገርም። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እመት አሮጊቶች ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ እየጐደሉ ነው። ያን ወጣት ከመኪና ስንወርድ «ከገንዘቡ ጥቂት ቀንሰህ ደብተርና እስክርቢቶ ግዛ፤ ለአያትህም ቡና ውሰድላቸው» አልሁት። ሣቀብኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በስልክ ደውሎ፥ በዋርካው ሥር የሚሰበሰበው ሰው ገና ተጫዋች እንደ ነበረና፥ አያቱም በልጅነታቸው የታች ሰፈር ወገን ሆነው ጥርሳቸውን እዚያ እንዳጡ ነገረኝ። የላይ ሰፈር የግብ ምልክት የቱ ድንጋይ እንደ ነበረ ግን ከጐረቤታቸው ከሌላው ሽማግሌ ጋር ገና አልተስማሙም።