ሽምደዳን ኬሚስትሪ አትበሉት

በቃኝ! «ለንደን ደካማ፣ ዳይፖል መካከለኛ፣ ሃይድሮጅን ቦንድ ጠንካራ።» ይህ መፈክር በየደብተሩ ተጽፏል፣ በየአጋዥ መጽሐፉ ታትሟል፣ አስጠኚው ሁሉ እንደ ዳዊት ያስደግመዋል። ሞለኪውሎች እርስ በርስ ለምን እንደሚሳሳቡ የምናስተምረው ይኸው ነው? ተማሪው ሦስቱን ስም በተራ ከደረደረ «ገብቶታል» እንላለን። አልገባውም!

እስቲ መፈክሩን እንፈትነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ዳይፖል አለው፤ አንዱ ጫፉ በጥቂቱ አዎንታዊ፣ ሌላው በጥቂቱ አሉታዊ ነው። አዮዲን ቋሚ ዳይፖል የለውም፤ ሞለኪውሎቹን የያዛቸው የለንደን ኃይል ብቻ ነው። በመፈክሩ ከሄድን አዮዲን ቀድሞ መትነን ነበረበት። እውነቱ ግን ግልባጩ ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ከዜሮ በታች 85 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዮዲን 114 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም! ሃይድሮጅን ቦንድ ያለው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ የለንደን ኃይል ብቻ ያለው ኦክቴን እስከ 126 ይቆያል። ታዲያ ደካማው የትኛው ነው?

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ኤሌክትሮኖች ዝም ብለው አይቀመጡም። ለቅጽበት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድሉ ጎረቤታቸውንም ያጋድሉታል፤ መሳሳብ ይፈጠራል። የለንደን ኃይል የሚባለው ይኸው ነው። ሞለኪውሉ በገዘፈ፣ ኤሌክትሮኑ በበዛ ቁጥር ይህ መሳሳብ ይበረታል። ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ይከብደዋል? የከበደው መፈክሩ ነው።

ደረጃው ፈጽሞ ሐሰት ነው አላልኩም። የሚሠራው ግን መጠናቸው የተቀራረበ ሞለኪውሎች ሲነጻጸሩ ነው። ውሃና ሚቴን እኩል አሥር አሥር ኤሌክትሮን አላቸው፤ ሚቴን ግን ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የሃይድሮጅን ቦንድ ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል። ይህችን አንዲት ቅድመ ሁኔታ ማን ቆርጦ ጣላት? ለምርጫ ጥያቄ ስለማትመች ጣልናት!

ውጤቱን እዩት። ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ልጅ «ውሃ ሲፈላ ምን ይለያያል?» በሉት። «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን» የሚል አታጡም። እንደሱ ቢሆን ከማንቆርቆሪያው የሚወጣው ፈንጂ ጋዝ በሆነ፣ ምድጃው ሁሉ በነደደ ነበር! የሚለያዩት ሞለኪውሎቹ ናቸው እንጂ አቶሞቹ አይደሉም። ይህን የማይለይ ልጅ ነገ መድኃኒት ሊቀምም ነው? ብዙ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ከፕሮቲን ጋር የሚያያዙት በእነዚሁ ኃይሎች እኮ ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግብዝነቱ ነው። በስብሰባ ላይ «ተማሪው ማሰብ አቃተው» ብሎ የሚያለቅሰው ሰው፣ በማግስቱ «ከሚከተሉት ጠንካራው የትኛው ነው?» ብሎ ይፈትናል። ማሰብን ማን ከለከለው? ላሰበበት ማርክ ሰጥተኸው ታውቃለህ? የሞለኪውሎች መሳሳብ በስሙ የሚጠራለት ቫን ደር ዋልስ ራሱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥናት የተነሣው ጋዝና ፈሳሽ እንዴት አንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል ከሚል ጥያቄ ነው። እኛ ጥያቄውን ጥለን ስሙን እናስጠናለን!

መምህር ሆይ፣ አንተም ይህን ታውቃለህ። ከባልደረባህ ጋር ሻይ ስትጠጣ ታማርራለህ፤ ፈተና ስታወጣ ግን ትፈራለህ። ፍርሃቱ ይብቃህ! በሚቀጥለው ፈተና አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍ፦ «አዮዲን ለምን ጠጣር ሆነ?» ምርጫ አትስጥ። ክፍሉ በሙሉ ቢወድቅ እንኳ ውጤቱን አትደብቀው፤ የወደቀው የእኛ አስተምህሮ ነውና።